«ጥንታዊ» ብዬ የጻፍሁት ኮርቻ

የጡረታዬ መሸኛ ዕለት አንድ ወጣት ባልደረባችን ማይክ ይዞ ተነሣና፣ «አሁን ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ጥንታዊ ቅርስ እትዬ ፈንታ ይናገራሉ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ጨዋታ እወዳለሁ። ማይኩን ስቀበለው ግን፣ «አንተ ልጅ፣ ያልኸውን አርመው። ስሜን ከነአባቴ የሚጠራ ሰው እስካለ ድረስ እኔ ጥንታዊ አይደለሁም» አልሁት። እንደ ቀልድ ወሰዱት። የምሬን ነበር። ያን አንድ ቃል በቦታው ማዋል ለመማር የሥራ ዘመኔን በሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ሰውም አስቀይሜበታለሁ። በመሸኛው ላይ ለደስታው ስል የዘለልሁትን እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፣ በጽዳት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውሁት። መሥሪያ ቤቱ የድሮ ዕቃ ይመዘግብ፣ የተሰጠውንም ያስቀምጥ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በዚህ ጽሑፍ የማማቸው ሰዎች ዛሬም ገበያ ላይ ያገኙኛል። ደመወዙ ለሳሙናና ለቤት ኪራይ ነበር፣ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የማወራው የለም። መዝገብ ቤቱን ስጠርግ መዝገቡን አነብ ነበር። አቧራ የማራግፍ መስዬ ገጽ እገልጣለሁ። አንድ ቀን መዝጋቢው ጋሽ ውበቱ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

ደንግጬ፣ «ይቺ ጋሻ ሁለት ቦታ ተመዝግባለች፣ ጋሼ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። እውነትም ሁለት ቦታ ነበረች። መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብለው በሩ ጥግ አቆሙት፤ በማግሥቱ ለገጠር ጉዞ ይዘውኝ ወጡ። የእኔ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በዚያ ቀን ነው።

ጋሽ ውበቱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። አንድ ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱና፣ «የት ነበር የተሰቀለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ያሸታሉ። ኑግ የጠጣ ቆዳ፣ ጭስ የበላ እንጨት፣ ውሃ የገባው ብራና፣ ሁሉንም በአፍንጫቸው ይለዩታል። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን አውጥተው ዕቃውን የሚገለብጡት። «ፊቱን ለእንግዳ ብለው ወልውለውታል። ሆዱን አሳዩኝ፤ የተጠገነበትን አሳዩኝ» ይላሉ። ስፌቱን፣ ጠፍሩን፣ ስንጥቁን በጣታቸው እየተከተሉ ባለቤቱን ያናግሩታል። «ይቺን ማን ጠገናት? አባትዎ? ከእሳቸው በፊትስ?» ሰውየውም ሳያውቀው የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ይቆጥርላቸዋል። እኔ አውኛም አማርኛም ስለምችል፣ አማርኛ የሚከብዳቸውን አዛውንት የማናግር እኔ ነበርሁ። እናቴ ቤት ያወራሁት ቋንቋ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛው አመላቸው እርሳስ ነው። ሌላውን ሁሉ በቀለም ይጽፉና «ዕድሜ» የምትለዋን ዓምድ በእርሳስ ይሞሏታል። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹ ነበር፣ ጫፏ እንደ እሾህ እስክትሆን።

አንድ ጊዜ ከገበያ አንድ ነጋዴ እየተጣደፈ የእንጨት መስቀል ይዞ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ።

«ጥንታዊ ነው፣ ጌታዬ! እጅግ ጥንታዊ!»

ጋሽ ውበቱ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ስንት ቀን ምድጃ ላይ ሰቀልኸው?»

«ኧረ በእመቤቴ!»

«እሷን ተዋት። ይህ ሽታ የበርበሬ ነው። ወጥ ስትሠሩ ማውረዱን ረስታችሁታል።»

ሰውየው ራሱ ሳቀ። በዚያው ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቃሉ ነገሩኝ። «ፈንታ፣ ጥንታዊ ማለት ብዙ ዓመት የኖረ ማለት አይደለም። ብዙ ዓመት የኖረ አሮጌ ነው፤ ነውር የለውም፣ አሮጌ በይው። የአባትና የአያት የሆነው የድሮ ነው። ጥንታዊ የምትዪው ባለቤቱ እየቆጠረ እየቆጠረ ሄዶ፣ ስም ሲያልቅበት ነው። ‹ከዚያ በላይ አላውቅም› ብሎ ዝም ካለ በኋላ ያለው ነው ጥንት። ስም ያለውን ነገር ጥንታዊ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ሰውየውን ከነአያቶቹ በአንድ ቃል ጠረግሻቸው ማለት ነው።»

እኔ ደግሞ ጠራጊ ነበርሁና ነገሩ ገባኝ። ገብቶኝም አጠፋሁት፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ጋሽ ውበቱ ጡረታ ሲወጡ ምላጫቸውንና ግማሽ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። እኔ በዓመቱ ወደ እንጅባራ ተዛወርሁ። ትልልቆቹ ዛሬም ኮሶበር ነው የሚሏት። ብርዱ ጣት አያስዘረጋም፤ የመጀመሪያውን ክረምት በሁለት ሹራብ ነው የጻፍሁት። አዲሱ አለቃዬ አቶ ታደለ ይባሉ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ለእሳቸው ዓለም ሁሉ ሠንጠረዥ ነው።

አያ ደሴን ያወቅኋቸው በዚያ ጊዜ ነው። ቤታቸው በዘንገና በኩል ነው። ፈረሰኛ ነበሩ፤ በእኛ አገር ደግሞ ፈረሰኛ መሆን ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። እንግዳ ካነበበው፣ ሰው በፈረሱ ይታወቃል፣ በዓል በፈረስ ይደምቃል፣ ፈረሰኛ ሲሞትም ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይቆምለታል ብዬ ልለፈው። ሌባ ቤታቸውን ሁለት ጊዜ ሞክሮት ኮርቻቸውን እንድናስቀምጥላቸው ጠሩን። አንድ ልጃቸው እናና ትኩስ ሻይ ቀድታልኝ፣ «እትዬ ፈንታ፣ ይጠጡ፣ ብርድ ነው» እያለች ስትንከባከበኝ ዋለች።

እጄን ኪሴ ከትቼ አየሁት። የዋንዛ እንጨት፣ ኑግ የጠጣ ጠፍር። ገለበጥሁት። ሆዱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሱ ስድስት ምልክቶች ነበሩ፣ በመስመር።

«ይህ ምንድን ነው፣ አያ ደሴ?»

«አባት ሲሞት ልጅ ይረከባል። ሲረከብ ጠፍሩን ይቀይርና ምልክቱን ይተኩሳል። ይቺ የእኔ ናት» አሉና የመጨረሻዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «የጨረቃ ግማሽ። የተረከብሁ ዕለት እሷ ወጥታ ነበር።»

ስድስቱንም በግል ደብተሬ ላይ በእርሳስ ሳልኋቸው። ስሞቹን በሌላ ቀን ተመልሼ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ዝናቡ መጣና ተነሣን። ስንወጣ አያ ደሴ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ቃል ስጪኝ። የሞትሁ ዕለት ቦራው ፈረሴ ጀርባው ባዶውን እንዳይቆም። ለአንድ ቀን ትመልሱልኛላችሁ። ከቀብሬ በኋላ ውሰዱት።»

«ቃሌ ነው፣ አያ ደሴ፣ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» አልኋቸው።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ስሞላ «ዕድሜ» ላይ እርሳሴን አወጣሁ። አቶ ታደለ ከበላዬ ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ እርሳስ? ተማሪ ነሽ?»

«ስሞቹን ስላልጨረስሁ ነው።»

«ወይዘሮ ፈንታ፣ የዓመቱ ሪፖርት ላይ ጥንታዊ የሚባል አንድ ዕቃ የለንም። ይህ ጥንታዊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በእስክሪብቶ ጻፊው።»

ጻፍሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘውም። ለራሴ «ምን ለውጥ አለው፣ ቃል ነው» ብዬ ጻፍሁት። ጥንታዊ የተባለ ዕቃ «ባለቤት» በሚለው ዓምድ «የሕዝብ» ይባል ነበር፤ እሱንም ጻፍሁ። አደራው የሚገባበት ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም። በቃሌ ያዝሁት።

አያ ደሴ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ፤ ዓርብ ማታ ተኝተው አልተነሡም። ቅዳሜ ጠዋት እናና ደወለችልኝ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «እትዬ ፈንታ… አባቴ… ኮርቻው…» የሚለው ብቻ ደረሰኝ። በባጃጅ ወደ ቢሮ በረርሁ። የዕቃ ቤቱ በር ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አቶ ታደለ ጋ። ቤታቸው ሄጄ ለመንኋቸው። ቢሮ ድረስ መጡ፣ ይህን አልክድም። ግን ዕቃ ቤቱን ሳይሆን መዝገቡን ከፈቱ።

«ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ምን ይላል?»

«ጥንታዊ።»

«ጥንታዊ ዕቃ ያለ ኮሚቴ ከዚህ በር አይወጣም። ኮሚቴው ሰኞ ነው።»

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው እኮ! አደራ ነው፣ ቃል ሰጥቻለሁ!»

«አደራው የት ተጽፏል?»

መዝገቡን መልሼ ዘጋሁት።

ባዶ እጄን ወደ ዘንገና ሄድሁ። መቅረት እችል ነበር፤ ግን ቢያንስ ፊቴን ያዩት ብዬ ሄድሁ። ፈረሰኞቹ ሜዳውን ከበው ቆመዋል፣ እያንዳንዱ ፈረስ በጌጠኛ ግላሱና በኮርቻው አጊጧል። መካከላቸው ላይ ቦራው አለ። ኮርቻው በመዝገቡ ቃል እንደታገደ ከመንገድ ደውዬ ነግሬያት ነበርና፣ እናና የአባቷን ጋቢ አጥፋ ጀርባው ላይ ጥላበት ነበር። ነፋሱ ጋቢውን ያንሸራትተዋል፣ እሷ ትመልሰዋለች፤ እንደገና ያንሸራትተዋል፣ እንደገና ትመልሰዋለች። ያ ፈረስ በሕይወቱ ጨርቅ ብቻ ተሸክሞ አያውቅም ነበርና ቆዳው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጠጋት ስል ዞር አለች። ከዚያች ቀን በፊት «እርስዎ» ያላለችኝ ቀን የለም።

«አንቺ» አለችኝ። «አባቴን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ነገርኋት። ጥንታዊ ብዬ።

«ትናንት እራቱን በልቶ የተኛ ሰው!» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ባትጨምርም በቂዬ ነበር።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበና ቀብሩ ስላለፈ ጥያቄው ዋጋ የለውም ብሎ ዘጋው።

በሳምንቱ ዳንግላ ወረድሁ፣ ጋሽ ውበቱ ዘንድ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። እያለቀስሁ ነገርኋቸው። አላጽናኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ምልክቶቹን ስለሻቸው ነበር?» አሉኝ።

«ስያቸዋለሁ።»

«ስሞቹንስ?»

«አልጨረስሁም።»

«እንግዲያ ሥራው አላለቀማ። ምን ያስለቅስሻል? ሄደሽ ጨርሺ።»

መጨረስ ግን እንደ አነጋገሩ ቀላል አልሆነም። የመዝገብ እርማት ጠየቅሁ፣ ማስረጃ አምጪ ተባልሁ። ማስረጃው እናና ናት፤ እናና ደግሞ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ሥራዬን ግን አልተውሁም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የተሻልሁት። በየገጠሩ ስሄድ ማንም «ጥንታዊ ነው» ቢለኝ «ከማን ጀምሮ?» ብዬ እይዘዋለሁ። አዲስ ሠራተኞች ሲመጡ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር በእጄ አሰምርላቸዋለሁ፦ አንዱ «ስሞች»፣ አንዱ «የባለቤቱ ቃል»። በኋላ ቅጹ ሲታተም ሁለቱም ገቡበት። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም። ኮርቻውንም በየሦስት ወሩ ቁልፍ አስከፍቼ በኑግ አሸው ነበር። ቆዳ ካልተጋለበ ይደርቃል።

አቶ ታደለ ተዛውረው ሄዱ። የእኔ ጡረታ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ቀን ቆጠርሁ፤ የአያ ደሴ የሰባት ዓመት ተዝካር ከጡረታዬ በፊት ይውላል። ኮርቻው ለቀብሩ አልደረሰም፤ ለሰባት ዓመቱም ካልደረሰ፣ እኔም ከወጣሁ፣ አደራውን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ቤት ውስጥ አይኖርም።

እናና ዘንድ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ እህል እያነፈሰች ነበር። ስፌዱን አላስቀመጠችም።

«ደግሞ ምን ልትመዘግቢ መጣሽ?»

«ልሰርዝ ነው የመጣሁት። ብቻዬን ግን አልችልም። ስሞቹን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ለረጅም ጊዜ አነፈሰች። ገለባው እግሬ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ፣ «መቼ ነው ስብሰባው?» አለች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሜሮን የምትባል ልጅ እግር ምሁር ነበረች፣ ብልህ። ኮርቻውን ጠረጴዛ ላይ አመጣነው። ሜሮን ተገርማ አየችውና፣ «እትዬ ፈንታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ እኮ በጣም የቆየ ነው። ጥንታዊ ካላልነው ምን እንለዋለን?» አለችኝ።

«የእነማን እንደሆነ እንለዋለን። ባለቤቶቹ የሚታወቁ ከሆነ ጥንታዊ አይደለም። የማይታወቁ ከሆነ ደግሞ በቃላችሁ ጽኑ፣ እኔም ተሳስቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ።»

ኮርቻውን ገለበጥሁት። ስድስቱ ምልክቶች ታዩ። እናናን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኋትና «ሳታዪ ጥሪ» አልኋት።

«የመጨረሻው የጨረቃ ግማሽ ነው። ደሴ፣ አባቴ። እርካቡን የቀየረው እሱ ነው። ከሱ በፊት መስቀለኛ። አድማሱ፣ አያቴ። ከሱ በፊት ሦስት ነጥብ። ጀንበር። የፊት ጉብታው በእሱ ጊዜ ወንዝ ሲሻገሩ ተሰብሮ ተጠግኗል።»

ሜሮን ጎንበስ ብላ ጉብታውን ዳሰሰች። ጥገናው እዚያው ነበር። ደብተሬን ከፊቷ ዘርግቼ በጣቴ እያሳየኋት ነበር።

«ከሱ በፊት…» አለች እናና። ዝም አለች።

ከኮሚቴው አንዱ እስክሪብቶውን ከደነ። ገባኝ፤ አባቷ ያስጠኗት በአማርኛ አይደለም። በአውኛ፣ «ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እንደ አባትሽ አድርገሽ» አልኋት። ከራሷ ስም ተነሥታ፣ ሰውነቷን እንደ ጋላቢ በቀስታ እያወዛወዘች፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ወጣች። ደሴ፣ አድማሱ፣ ጀንበር፣ ዘለቀ፣ ቸኮል። የዘለቀ የበሬ ቀንድ፤ የቸኮል እባብ የመሰለች መስመር። ሁለቱም ልክ። እኔ ተረጎምሁ።

«ስድስተኛውስ?» አለች ሜሮን። የቀረችው ኮርቻው ጠርዝ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ናት፣ ከመዳሰስ ብዛት ልትጠፋ የደረሰች።

እናና ራሷን ነቀነቀች። «እሱን አላውቀውም። አባቴም አያውቀውም ነበር። ‹ከዚያ በላይ› ነበር የሚለው።»

አንዱ አባል ያገኘን መስሎት፣ «ይኸው! አልታወቀም!» አለ።

«አዎ፣ አልታወቀም» አልሁ። «እሷ ክብ ጥንታዊ ናት። ክቧ ብቻ። ኮርቻው የእናና ነው።»

ሜሮን መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው። «በእጅዎ ያርሙት» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ያንን ቃል በቀለም የጻፍሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን በአንድ መስመር ሰረዝሁት፣ እንዲነበብ አድርጌ፣ ጥፋቴ እንዳይጠፋ። በሥሩም «የእናና ደሴ ኮርቻ። አምስት ስም አለው። አንድ ጥንታዊ ምልክት አለበት። ባለቤቷ ስትፈልግ ይወጣል» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ።

በተዝካሩ ዕለት ቦራው አርጅቶ ነበር፣ ግን ኮርቻውን ሲጭኑት ጆሮውን አቆመ። ከመጫኑ በፊት እናና ጠፍሩን ቀይራ ብረቷን ፍም ውስጥ ከተተች። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ፣ «ሴትም ትተኩሳለች እንዴ አሁን?» ብሎ ጎረመረመ።

«የአምስቱን ወንዶች ስም ያስታወሰችላችሁም ሴት ናት» አልሁት። ሰዎቹ ሳቁ፣ እሱም ጢሙን እየጎተተ ሳቀ።

ኮርቻውን ገለበጥሁላት። «እትዬ ፈንታ፣ አጥብቀው ይያዙልኝ» አለችኝ። «ይያዙልኝ» ስትለኝ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ባያት አለቅስ ነበር። ከጨረቃዋ ቀጥሎ ሁለት ረጃጅም መስመር ተኮሰች፣ ጎን ለጎን።

«ምንድን ነው?» አልኋት።

«የጋቢው ጥለት» አለች። «የዚያን ዕለት ቦራው የለበሰው።»

ነገ አንድ ሰው ይህን ኮርቻ ገልብጦ «ይቺ ምንድን ናት?» ይላል፤ የእናና ዘር ደግሞ ስለ ጋቢው ይነግረዋል፣ ኮርቻው የት ተቆልፎ እንደነበር፣ ማን እንደቆለፈውም። ይንገረው። ጣቴን በሁለቱ መስመሮች ላይ አሳለፍሁ። ገና ትኩስ ነበሩ።